ስም ጠሪዋ ፔሬስና የክበባችን እንጨት

ያቺን እንጨት ፔሬስ አዶንጎ አንገት ላይ ያንጠለጠልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ልናገር ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

ሥራዬ እዚሁ ኪሱሙ ከተማ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ ምዋሊሙ ኦጉቱ፣ መምህር ኦጉቱ የሚለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደግሞ የንግግር ክበባችን ሰዓት ያዥ ነኝ። የምንሰበሰበው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለው ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊት እቀመጥና ሦስት ካርቶን እይዛለሁ። ተናጋሪው አምስት ደቂቃ ሲሞላው አረንጓዴውን፣ ስድስት ሲሞላው ቢጫውን፣ ሰባት ሲሞላው ቀዩን አነሳለታለሁ። ከቀዩ በኋላ ሠላሳ ሴኮንድ ይታለፍለታል፤ ከዚያ ወዲያ አላቆምም ያለውን ቤቱ በሙሉ በጭብጨባ አጣድፎ ያስቀምጠዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቀዩን ሳላነሳ የቀረሁበት ቀን የለም፤ አንድ ጊዜ እንግዳ ሆነው የመጡ ጳጳስ ላይ እንኳ አንስቼ ባለቤቴ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። እኛ ሉኦዎች ማይክ ከያዝን መልቀቅ አናውቅም፤ እንደ እኔ ያለ ጨካኝ ያስፈልገናል።

እንጨቷን ያመጣት ሊቀ መንበራችን ዊክሊፍ ኦዴሮ ነው። ዊክሊፍ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ገና ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሙቀቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን ክራባት ሳያስር ከቤቱ አይወጣም። የክበባችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሰዉ ግን ሻይ ሲጠጣ፣ ሲስቅ፣ እግሩን እንቅፋት ሲመታው ወደ ሉኦኛው ይመለሳል። ይህ ነገር ዊክሊፍን አላስቀምጥ ብሎት ከረመና አንድ ሐሙስ ከተሰበረ መሳቢያ የተቆረጠች፣ መዳፍ የምታክል እንጨት በዓሣ ማጥመጃ ክር አንጠልጥሎ ይዞ መጣ። በቀይ ቀለም «ይቅርታ፣ ረሳሁ» ተብሎ ተጽፎባታል። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

የሳቅነው ሁላችንም ስለምናውቃት ነው። ልጆች ሆነን ተማሪ ቤት «ዲስክ» እንላት ነበር። ግቢ ውስጥ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች። ከአንገቱ የምትወርደው ሌላ ልጅ ሲናገር ይዞ ስሙን ለአስተማሪው ከጠራ ብቻ ነው። የመጨረሻው ደወል ሲደወል አንገቱ ላይ የተገኘችበት ይገረፋል። እኛ ግርፊያውን ትተን ለጨዋታ ብለን መልሰን አመጣናት። ሽበት ያወጣን ሰዎች ምን ነክቶን እንደሆነ ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

የክበባችንም ሕግ ያው ነው። ከበሩ ወዲህ በሉኦኛ የተናገረ አባል ያንጠለጥላታል። ሌላ አባል ሲናገር ከያዘና ስሙን ለዊክሊፍ ከጠራ ዊክሊፍ ደብተሩ ላይ ይጽፍና እንጨቷ ትተላለፋለች። ስብሰባው ሲያልቅ እሷን ይዞ የቀረ ሰው ቤቱ ወስዶ በሚቀጥለው ሐሙስ አንገቱ ላይ አድርጎ ይመጣል። አንድ ሌላ ሕግም ነበረች፤ እንጨቷን እንዳንጠለጠሉ የተደረገ ንግግር አይቆጠርም። ይህቺን ልብ ያላት ሰው አልነበረም።

ፔሬስ የሴሜ ልጅ ናት፤ ለዚህ ነው ኒያር ሴሜ የምንላት። እኛ ዘንድ ሴት ሃምሳ ዓመት ቢሞላትም የምትጠራው በተወለደችበት አገር ነው። እሷ ሃምሳ አራት ሞልቷታል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ሆስፒታል በጽዳት ተቀጠረች። ገና ወር ሳይሞላት፣ አንድ ሰኞ ጧት ካርድ ክፍል ስም የሚጠራው ሰውዬ ድምፁ ተዘጋ። በሽተኛው መተላለፊያውን ሞልቶ ይንጫጫል፣ ሰውዬው አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። ፔሬስ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ካርዶቹን ከእጁ ወሰደችና መጥራት ጀመረች። ከዚያን ቀን ወዲህ መጥረጊያ አልያዘችም።

ስትጠራ መስማት ነው። በቁጥር አትጠራም። የራስን ስም ከነአባት ስም፣ ጥርት አድርጋ፣ ሽማግሌውን «ባባ» ብላ፣ አሮጊቷን «ማማ» ብላ ትጠራለች። ድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ገዝተውላት ሦስቱንም ከነሳጥናቸው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣቸዋለች። እኔን ስኳር አሞኝ ሄጄ አንድ ቀን ጠርታኛለች፤ የታመምኩ ሳይሆን የተሾምኩ ነው የመሰለኝ። አንድ ስም አበላሽታ ጠርታ ከሆነ ደግሞ ያንን ሰው ተከትላ ሄዳ ይቅርታ ትጠይቃለች።

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ በእሷ ዘመን ሦስት ጊዜ ተቀያይሯል። ሦስቱም በዕድሜ ልጆቿ ይሆናሉ፤ ሦስቱንም ሥራ ያስለመደቻቸው እሷ ናት። ቦታው ለአራተኛ ጊዜ ሊለቀቅ ሲል አለቆቹ አንድ ነገር ጨመሩ። ኃላፊው ጧት ጧት ለተሰበሰበው በሽተኛ ስለ ጤና ንግግር ስለሚያደርግ፣ ንግግር መማሩን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ያምጣ አሉ። «ታዲያ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ምን ስሠራ ነበር?» ብላ ስቃለች አሉ። ስቃ ግን አልቀረችም፤ በሳምንቱ እኛ ክበብ መጥታ ተመዘገበች።

የእኛ ምስክር ወረቀት የሚገኘው አሥር ንግግር በማድረግ ነው። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ዘጠኙን ጨረሰች። አሥረኛው ለአንድ ሐሙስ ተያዘላት። የሹመቱ ፈተና ከዚያ ሐሙስ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነው፤ ከሰኞ በፊት ሌላ ሐሙስ የለም።

በዚያ ሐሙስ እንጨቷ እኔ አንገት ላይ ነበረች። ባለፈው ሳምንት የወንበር እግር ጣቴን መትቶኝ አንድ ቃል አምልጦኝ ነው። ሦስት ቀለም ካርቶን የያዘ ሰው በዚያ ላይ እንጨት አንጠልጥሎ ምን እንደሚመስል አስቡት። ስለዚህ ቀደም ብዬ መጥቼ በሩ ሥር አድፍጬ ቆምኩ። የሆቴሉ ደረጃ መብራት የለውም፤ ላይኛዋ እርከን ደግሞ ተሰብራለች። ከታች የፔሬስን ድምፅ ሰማሁ።

«አፒዮ፣ እግርሽን አንሺ፤ እዚህ ጋ ደረጃው ተሰብሯል» ትላለች፣ በሉኦኛ። ይህን እያለች አንድ እግሯ በሩን ዘለቀ።

«ኒያር ሴሜ፣ ተያዝሽ» አልኳት።

«ምዋሊሙ፣ ገና ደረጃ ላይ እኮ ነን።»

«አንዱ እግርሽ ገብቷል።»

«እህቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። በምን ልንገራት? ትውደቅ?»

«ሕግ ሕግ ነው» ብዬ እየሳቅሁ እንጨቷን ከአንገቴ አውጥቼ አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከኋላዋ የቆመችው ሴት ቁርጥ ፔሬስን ናት፤ ልዩነታቸው ይቺኛዋ ከሲታ መሆኗና ፀሐይ ያጠቆራት መሆኗ ነው። አፒዮ ትባላለች፤ እኛ አገር የመንታ ስም አይመረጥም፣ ሴት ከሆኑ ቀድማ የወጣችው አፒዮ፣ ተከትላ የመጣችው አዶንጎ ናት። ኪቡዬ ገበያ ውስጥ ኦሜና፣ ያንን ጣት የማያክል የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ፔሬስ አሥረኛ ንግግሯን እንድትሰማላት በእንግድነት ያመጣቻት ናት። አፒዮ እንጨቷን አየች፣ እህቷን አየች፣ ሄዳ የእንግዶች ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዘንቢሏን ወንበሩ ሥር አደረገች። ያኔ አንድ ነገር እንዳለ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን አንገቴ ስለቀለለኝ ደስታዬ ሌላ ነበር።

የፔሬስን ስም ጠራሁለትና ዊክሊፍ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

«ማማ ፔሬስ፣ ዛሬ አሥረኛዎ አይደል?» አላት። «እንግዲህ ከተራዎ በፊት አንድ ሰው ይያዙ፤ አለዚያ አይቆጠርም። መቼም እዚህ ቤት የማይሳሳት የለም።»

ያቺ የተረሳች ሕግ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት እንደ ወትሮው ሄደ። አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ስለ ትዕግሥት ተናገረ፤ ቀዩን ሳነሳበት ተቆጣ። ሁለተኛዋ ተናጋሪ ቀልዷን ጨርሳ የሚስቅ ሲጠፋ በሉኦኛ አንድ ነገር አጉተመተመች። የቤቱ ዓይን ሁሉ ወደ ፔሬስ ዞረ። ፔሬስ ወረቀቷን ታነባለች። ተናጋሪዋ ራሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃት ነበር፤ ፔሬስ ቀና ሳትል አለፈቻት።

ሻይ ሰዓት ሆነ። ሻይና ማንዳዚ፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ይዘን እንደቆምን ዊክሊፍ ራሱ አስተናጋጁን «ኦሜራ፣ ወተቱን ምን አደረስከው?» አለው። ኦሜራ «ወንድሜ» እንደማለት ነው፤ ከዚያ የበለጠ ሉኦኛ የለም። የተናገረው ከፔሬስ አንድ ክንድ ርቆ ነው። የቆመው ሰው ሁሉ ኩባያውን እንደያዘ ቀረ። ዊክሊፍ ፊቱ ቀላ፤ ወዲያው ሳቅ አለና አንገቱን አስግጎ ጠበቃት። ደግ ልሁን ብሎ ሆን ብሎ ተሳስቶላትም እንደሆነ አላውቅም። ፔሬስ ማንዳዚዋን ሻይ ውስጥ ነከር አድርጋ በላች።

ደሜ ፈላ። እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት።

«አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሊቀ መንበሩ ራሱ ነው። ስሙን ጥሪና ገላግይው።»

«አልጠራም።»

«ኒያር ሴሜ፣ ሰኞ ፈተና አለብሽ። አሥራ አራት ወር ለፍተሽ በአንዲት እንጨት ልትቀሪ ነው?»

«ሰኞ መሆኑን አውቃለሁ።»

ወደ ሉኦኛው ተመለስኩና «እሺ እኔን ያዢኝ» አልኳት። «ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ። ይኸው በሉኦኛ እያወራሁሽ ነው። ኦጉቱ ብለሽ ጥሪኝ፤ እኔ ደግሞ ሳምንት አንጠልጥያት እውላለሁ።»

ትንሽ አየችኝ። «ጥሩ ሰው ነህ፣ ምዋሊሙ» አለችኝ። «ግን ለዊክሊፍ ሄጄ ስምህን መናገር አለብኝ አይደል?»

«አዎ፣ እሱ ነው የሚጽፈው።»

«እንግዲያውስ አልጠራህም።»

«ግትር ነሽ እኮ።»

«ነኝ» ብላ ኩባያዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሄደች። አንጀቴ አረረ። አንድ ቃል ብትተነፍስ የሚያልቅ ነገር ላይ እንዲህ መድረቋን ልረዳት አልቻልኩም፤ በራሴም ተናድጄ ስለነበር ንዴቴን ሁሉ እሷ ላይ ደፋሁት።

ተራዋ ደረሰ። ዊክሊፍ አስተዋወቃት፤ ርዕሷ «ስም እንዴት ይጠራል» ነው አለ። እንጨቷን አየት አድርጎ ትከሻውን ሰበቀና ፔሬስን ጨበጣት። እኛ ክበብ ውስጥ ተናጋሪው መድረኩን ባዶ ትቶ አይወርድም፤ መሪው ጨብጦ ያስረክበዋል፣ ሲጨርስም መሪው መጥቶ እስኪጨብጠው ቆሞ ይጠብቃል። ሰዓቴን አስነሳሁ።

ፔሬስ ወረቀቷን አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ቀጥላ መናገር ስትጀምር ጆሮዬን አላመንኩም። በሉኦኛ ነበር።

«ንግግሬን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼው ነበር» አለች። «ሦስት ወር ደክሜበታለሁ፣ ደግሞ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ይቺ አንገቴ ላይ ስላለች በእንግሊዝኛም ብናገር አይቆጠርልኝም። የማይቆጠር ከሆነ እንግዳዬ በምትሰማው ቋንቋ ልናገረው። አንዴ ከተንጠለጠለች በኋላ ደግማችሁ አታንጠለጥሉብኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና አቆመ።

«እዚህ ላይ ‹ረሳሁ› ይላል። እኔ ምንም አልረሳሁም። ስድስተኛ ክፍል ነበርን፣ ዓርብ ቀን ነው። እንጨቷ እኔ ላይ ነበረች። ደወሉ ሊደወል ትንሽ ቀርቶታል፤ አስተማሪያችን ደግሞ ዓርብ ዓርብ ክንዱ ይበረታል። አንድ ሰው ልያዝ ብዬ ግቢውን ዞርኩት። ማንም አይናገርም፣ እኔን ያየ ሁሉ አፉን ይዘጋል። አንድ ልጅ ብቻ ወደ እኔ መጣች። ግማሽ የተበላ በቆሎ ይዛለች። ‹ያንቺን አስቀርቼልሻለሁ፣ ብዪ› አለችኝ፣ በሉኦኛ። ሌላው ሲሸሸኝ እሷ የመጣችው እኔ ምንም እንደማላደርጋት ስለምታውቅ ነው።»

አረንጓዴውን አነሳሁ።

«እኔ ግን ስሟን ጠራሁ። አፒዮ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት፤ ያኔም ድምፅ ነበረኝ። ስድስት ጊዜ ገረፏት። ሰኞ ተማሪ ቤት ሂጂ ስትባል አልሄድም አለች፣ እንዳለችውም ከዚያ ወዲህ አልሄደችም። በሒሳብ አንደኛ የነበረችው እሷ ናት፣ እኔ ከእሷ ደብተር ነበር የምገለብጠው። ዛሬ እኔ ካርድ ክፍል ተቀምጫለሁ፣ እሷ ፀሐይ ላይ ኦሜና ትሸጣለች። እስከ ዛሬ ይህን አንድም ቀን አላነሳሁላትም፤ እሷም አላነሳችብኝም።»

ወደ አፒዮ ማየት ፈራሁ። ቢጫውን አንስቼ አወረድኩ።

«አሁን ስለ ስም ልንገራችሁ» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት ስም ጠርቻለሁ። እኔ ስጠራ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ ሐኪም ጋ ይገባል፣ ልጁን ያሳክማል። እኔ ስም የምጠራው ሰው እንዲታከም ነው። እንዲገረፍ አንድ ጊዜ ጠርቻለሁ፤ ሁለተኛ አልጠራም። ለጨዋታም አልጠራም፣ ለሹመትም አልጠራም።»

ሰባት ደቂቃ ሞላ። ቀዩን ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን ይህቺ ሴት ምጽዋት አትወድም። አነሳሁት።

አየችው። «አየሁህ፣ ምዋሊሙ» አለችኝ። «ቀይ ነው። ዛሬ እጥሰዋለሁ።»

ሠላሳ ሴኮንዱ አለፈ። እሷ ቀጠለች። «ዛሬ ማታ እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው በሉኦኛ እንደተናገረ ቆጥሬያለሁ። አሥራ አንድ ናችሁ። አንድ በአንድ ስማችሁን ከነአባታችሁ አውቀዋለሁ፣ መጥራትም እችልበታለሁ…»

ዊክሊፍ ማጨብጨብ ጀመረ። ሕጉ ነው፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ስብሰባው ከእጁ እየወጣ ስለመሰለው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ማንም አልተከተለውም። አራተኛውን አጨበጨበና ዙሪያውን አየ፤ ሠላሳ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔም ቀዩን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም። የዊክሊፍ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

ፔሬስ እስኪያቆም ጠበቀችው። «አንዳችሁንም አልጠራም» አለች። «ጨርሻለሁ።»

ከዚያ ቆማ ጠበቀች። መሪው መጥቶ ሳይጨብጣት አትወርድም፤ ይህንንም ሕግ እሱ ነው ያስተማራት። ዊክሊፍ ክራባቱን አስተካከለ፣ ደብተሩን ዘጋ፣ ከፈተ። በመጨረሻ ሄዶ ጨበጣት።

«ማማ ፔሬስ፣ ሕጉን ያውቃሉ…» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አትቁጠረው።»

«አዝናለሁ።»

«እኔ አላዘንኩም» አለችው። «እንጨቷንም ሐሙስ አንገቴ ላይ አድርጌ እመጣለሁ። በሚቀጥለውም በሚቀጥለውም እንዲሁ ነው። የምትወርደው ሰው በመጥራት ከሆነ አብራኝ ትቀበራለች።»

እሷ ተቀመጠች፣ ያጨበጨበም አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እግሩን ያይ ነበር። ዊክሊፍ ቶሎ ብሎ ስብሰባውን ሊዘጋ መዶሻውን አነሳ። ከመዝጋታችን በፊት ግን እንግዶች እየተነሱ ስለ ምሽቱ አንዳንድ ቃል ይላሉ፤ በዘጠኝ ዓመት ያላደረግነው ቀን የለም።

«እንግዳ ይቀራል» አልኩ፣ ከተቀመጥኩበት።

«ምዋሊሙ፣ ሰዓቱ ሄዷል» አለኝ ዊክሊፍ።

«ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ።»

አፒዮ ተነሳች። ዘንቢሏን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች። ድምፅዋ እንደ እህቷ ነው፤ ገበያ ውስጥ የሻከረ ብቻ ነው።

«እኔ አባል አይደለሁም» አለች በሉኦኛ። «ልትይዙኝ አትችሉም መሰለኝ።» የጠፋው ሳቅ ትንሽ ተመለሰ። «የተገረፍኩት ስድስት አይደለም፣ አራት ነው። አዶንጎ ከልጅነቷ ጀምሮ ማጋነን ትወዳለች። በቆሎውንም በልታዋለች፤ እሱን አልነገረቻችሁም።»

ቤቱ ሳቀ። ፔሬስ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ዱላውስ ይሁን፣ ያን ጊዜ ያልተገረፈ የለም» አለች አፒዮ። «አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አፏን አውጥታ ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄያለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትለዋለች ብዬ ግን አላሰብኩም። ደግ አደረገች።»

ከዚያ ወንበሮቹን አልፋ ወደ እህቷ ሄደች። ክሩን ያዘችና እንጨቷን በእህቷ ራስ ላይ አውጥታ ወሰደቻት። አገላብጣ አየቻት፣ በጣቷ መታ መታ አደረገቻት።

«ጠንካራ ናት» አለች። «የዓሣ ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ አጥሮ ኦሜናው እየተንሸራተተ አስቸግሮኛል። ትሆነኛለች።» ዘንቢሏ ውስጥ ከተተቻት።

«ይቅርታ፣ እንጨቷ እኮ የክበቡ ንብረት ናት» አለ ዊክሊፍ። በሉኦኛ ነው ያለው፤ እሱ ራሱ ልብ አላለውም።

አፒዮ ዘንቢሏን ወደ እሱ ዘረጋችለት። «ናና ውሰዳት» አለችው።

ዊክሊፍ ከቦታው አልተነሳም። ሌላም የተነሳ የለም። ሁለቱ እህትማማቾች ተያይዘው ወጡ፤ ደረጃው ላይ ሲደርሱ «አፒዮ፣ እግርሽን አንሺ፤ ተሰብሯል ብዬሻለሁ» የሚለው የፔሬስ ድምፅ እስከ ውስጥ ተሰማ። ካርድ ክፍል ስም እንደምትጠራው አድርጋ ነው የተናገረችው።

ሰኞ ያለ ምስክር ወረቀት ተፈተነች። ቦታውን አላገኘችም። አንድ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ ተሾመ፤ አሁን እሱን ሥራ እያስለመደችው ነው፣ አራተኛዋ መሆኑ ነው። «ልቡ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ግን አይወጣም» ትላለች። ዊክሊፍ በሳምንቱ ንግግሯን ደግማ በእንግሊዝኛ ብታደርገው ወረቀቱን እንደሚሰጣት ነግሯት ነበር። «አሥረኛውን አድርጌያለሁ» ብላ መለሰችለት። መዝገባችን ላይ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ይላል፤ እሷም ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ሌላ እንጨት ለመቁረጥ የደፈረ ግን የለም። ሰዉ ሻይ ሰዓት ላይ እንደ ልቡ ያወራል፣ ዊክሊፍም «ኦሜራ» ሲል መደንገጡን ትቷል።

ባለፈው ቅዳሜ ኪቡዬ ገበያ ሄጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ኦሜና ፈልጌ አይደለም። አፒዮ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ ዝንብ ታባርራለች። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ሳይ እንጨቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ አንዱን እግር ተሸክማለች፤ ጽሑፉ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። ሳላስበው እጄን ሰደድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ትፈልጋለህ እዚያ?» አለችኝ ከላይ።

«እንጨቷን ላያት ነው» አልኳት። «እህትሽ አንገት ላይ ያንጠለጠልኳት እኔ ነኝ።»

«አውቅሃለሁ» አለችኝና ኦሜናውን መስፈር ጀመረች። «ተዋት፤ አሁን ሥራ ይዛለች።»